የሚነዝር ውሃ

የአክስቴ የዘነቡ ጉልበት በእውነት ድኖ ነበር? ይህን ጥያቄ በዚያ ዓመት መመለስ አልቻልኩም፤ ዛሬም አልችልም። ድኖ ከነበረ ያዳነው የእኔ ስሕተት ነው። አልዳነም እንዳልል ደግሞ፣ አራት ዓመት በትር ስትደገፍ የኖረች ሴት ሰው ሳይይዛት ተንበርክካ ስትነሣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘነቡ የእናቴ ታላቅ እኅት ናት። እናቴ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዲላ ድረስ መጥታ በጀርባዋ አዝላ ወደ ኢዲዶ ወሰደችኝ፤ አሳደገችኝ፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ስሜ ወንድይፍራው ቢሆንም ለእሷ ወንዴ ነኝ፤ እኔም እማ እላታለሁ። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ወደ ነዳጅ ከተማዋ ባኩ ስሄድ አውቶቡሱን እየተከተለች የሮጠች ሴት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ስመለስ በደጇ ላይ በትሯን ተደግፋ ቆማ ጠበቀችኝ።

በዚያን ጊዜ አገራችን ነዳጅ ሊወጣላት ነው ይባል ስለነበር እኔም የተማርኩት ነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚወርድ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ስመለስ ነዳጁ አልወጣም። አዲስ አበባ ስድስት ወር ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ከርሜ አንድ ሹም ወረቀቶቼን ከላይ እስከ ታች አየና «አንተ የጉድጓድ ሰው ነህ። ጉድጓድ ከጉድጓድ ምን ልዩነት አለው?» ብሎ በአንድ ደብዳቤ ወደ አገሬ መለሰኝ። ደብዳቤው የተጻፈው ኢዲዶ ላይ እሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ላቆሙት ባለርስት ለግራዝማች ሀብተ ጊዮርጊስ ነበር።

ግራዝማች በወንዙ ውሃ ከታች መንደር ሰዎች ጋር ሲጣሉ ከርመው በመጨረሻ ኮረብታው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው ነበር። ፈረንጆቹ ቆፍረው ሄደዋል፤ ፓምፑ ከነሣጥኑ ተቀምጧል። ያን ፓምፕ ሃምሳ አራት ሜትር ወደ ታች ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ በ1965 ዓ.ም. መስከረም ላይ። ኃይል የሚሰጠው ጄኔሬተር ከታች ከመፈልፈያው አጠገብ ነው፤ ጉድጓዱ ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሽቅብ ይርቃል። ውሃው በብረት ቧንቧ ይወጣና መጀመሪያ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ በቦይ ወደ ቡናው ይወርዳል።

የኤሌክትሪክ ገመድ ቢላጥ፣ ያመለጠው ኃይል ሰው ሳይነካ የሚመለስበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። መሬት ማስያዝ የምንለው ይህንን ነው። ባኩ ውስጥ በዚህ ብዙም አንጨነቅም ነበር። የነዳጅ ጉድጓድ ከላይ እስከ ታች ብረት ለብሶ ሁለት ሺህ ሜትር ይወርዳል፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይቆማል። አስተማሪያችን ያንን ብረት በመዶሻ እየመታ «ከዚህ የተሻለ መሬት በዓለም ላይ አታገኙም» ይለን ነበር። እኔም ኢዲዶ ላይ የመሬቱን ሽቦ ከጉድጓዱ አፍ ብረት ጋር አሰርኩና እጄን ታጠብኩ። የኢዲዶ ጉድጓድ ግን ብረት የለበሰው ዐሥራ ሁለት ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም ኃይል በማያሳልፍ ደረቅ ድንጋይ ውስጥ። ከዚያ በታች ራቁቱን ዐለት ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ በገዛ እጄ መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ። እጄ ግን የለመደውን ሠራ።

ጥቅምት ገባ፤ ቡናው ቀላ፤ ሰዉ ከየማሳው እሸቱን በቅርጫት ተሸክሞ ወደ እኛ ይጎርፍ ጀመር። አንድ ጠዋት የፓምፑ ዘበኛ ሙሉካ እየሳቀ መጣ። ሙሉካ የኢዲዶ ጌዴኦ ነው፤ በልጅነቴ ከአክስቴ እንሰት ጥግ ስወድቅ ስነሣ ያየኝ ሰው።

«ኢንጂነር፣ ውሃዋ ይነክሳል» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው ጋሽ ሙሉካ?»

«እጅህን ክተትና እወቅ።»

ከተትኩ። ክንዴ ላይ ጉንዳን የሄደ መሰለኝ። ከቧንቧው ሳልርቅ መሬት ላይ ሚስማር ተክዬ በመለኪያዬ አየሁት። ዐሥራ ስምንት ቮልት። ብዙ አይደለም፤ ሰው አይጥልም። ነገር ግን ዜሮ መሆን ነበረበት። ውሃ ውስጥ፣ ፓምፑ አጠገብ፣ ገመዱ የተጋጠመበት ቦታ እየላላ ነው ማለት ነው። ያመለጠው ኃይል ደግሞ በእኔ መሬት በኩል መውጫ አጥቶ ቧንቧው ላይ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ልክ የሆነውን ነገር መናገር ነበረብኝ። ሙሉካን ያልኩት ግን «እኔ አየዋለሁ፤ ለማንም አታውራ» ነው።

እሱ ከእኔ በፊት አውርቶ ጨርሷል።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ ጉድጓዱ ስወጣ አክስቴ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ አገኘኋት። ከጎኗ የይርጋጨፌዋ ባለሱቅ እትዬ ጽጌማርያም አሉ፤ ወላጆቻቸው ከሸዋ የመጡ፣ ቁርጥማት ጣቶቻቸውን ያጣመመባቸው ሴት። ሌሎች ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ።

«እማ፣ ከዚያ ውጪ» አልኳት።

«ወንዴ፣ ና እስቲ ዳስሰው! እስከ ወገቤ ድረስ እየሄደ ነው። የዛሬ ሳምንት ነክሬ ሄድኩ፤ ማክሰኞ ያለ በትር ወደ ጓሮ ወጣሁ።»

«ጸበል ነዋ» አሉ እትዬ ጽጌማርያም። «ኮረብታው ላይ ድሮ መቅደስ ነበር ይባላል።»

«እኛ ጸበል የሚባል አናውቅም» አለች አክስቴ ፊቷን ሳታዞር። «ጌታ ነው የዳሰሰኝ።»

«ጌታሽ ታዲያ በፓምፕ ነው የሚመጣው?»

«የእርስዎስ ታቦት በቧንቧ ነው የሚወርደው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሁለቱም ራሳቸው ሳቁ፤ እግራቸው ግን ከአንዱ ገንዳ አልወጣም።

«ኤሌክትሪክ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ከገመዱ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ነው። ሰው ይገድላል።»

«ልጄ፣» አሉ እትዬ ጽጌማርያም፣ «ዲላ ያለ አንድ ሐኪም ኤሌክትሪክ ጉልበት ላይ እያደረገ ያክማል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይኸው ነው በለና። ታዲያ ምን አጠፋን?»

እውነትም ባኩ ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ያለ ሕክምና አይቻለሁ። ምናልባት እኒህ ሴት ትክክል ናቸው ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ዐሥራ ስምንት ቮልት ለቁርጥማት መልካም ነው። የሚያስፈራኝ ግን ነገ ስንት እንደሚሆን አለማወቄ ነበር። የገመዱ መጋጠሚያ ጨርሶ የተከፈተ ቀን ሁለት መቶ ይሆናል፤ ያን ቀን እግሩን የነከረ ሰው አይወጣም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መለኪያው ሠላሳ አንድ ቮልት ደረሰ። የሚመጣው ሰውም በዚያው ልክ በዛ። ከወርቃ ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡ አይቻለሁ። ለግራዝማች ነገርኳቸው፤ ያልነገርኳቸው የማን ጥፋት እንደሆነ ነው።

«ፓምፑን አውጥቼ መጋጠሚያውን ልሥራ። ሦስት ቀን ይበቃኛል» አልኳቸው።

«ሦስት ቀን?» በመስኮት ወደ ታች አሳዩኝ፤ ቀዩ እሸት ክምር ላይ ተከምሯል። «እሸት ስንት ቀን ይቆያል ወንድይፍራው?»

«አንድ ቀን። ሁለተኛው ቀን ይሸታል።»

«ሰባት ዓመት ተምረህ ይህን ካወቅህ መልሱ ራስህ ዘንድ አለ። ደግሞ እኮ ሰዉ ለመነከር ሲመጣ እሸቱን ይዞልኝ ነው የሚመጣው። ታኅሣሥ ሲያልቅ አውጣው፤ እስከዚያ መላ ፈልግ።»

መላ ሳልፈልግ በቅሎዋ ሞተች። የራሳቸው የግራዝማች በቅሎ ናት። ሐሙስ ዕለት የሚነከሩትን ሰዎች ሊያዩ ሽቅብ ወጥተው ገና ከጀርባዋ እንደወረዱ፣ በቅሎዋ ጭቃው ላይ ቆማ አፏን ወደ ገንዳው ሰደደች። ከንፈሯ ውሃውን ሲነካ ጉልበቷ ታጠፈ፤ ድምፅ እንኳን አላሰማችም። በጎኗ ወድቃ ለትንሽ ጊዜ ተንቀጠቀጠች፤ በቃ።

አሁን ሁሉም ያምነኛል ብዬ ነበር። ያን ቀን ገንዳው አጠገብ የነበሩት ሰዎች ግን እያዘኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንስሳ የተቀደሰ ውሃ ስትደፍር ምን ትሆናለች ብላችሁ ነበር?» ተባባሉ። ገንዳው ዙሪያ አጥር ሠሩለት። አክስቴ ብቻ ሌላ ነገር አለች፤ «ብረት ተጫምታ ገባች፤ ለዚያ ይሆናል» አለች። ከእኔ በቀር ወደ እውነቱ የቀረበ ሰው እሷ ነበረች። ያን ቀን ደግሞ እሷም እግሯን ነክራለች፤ በቅሎዋ ከመምጣቷ በፊት።

በማግሥቱ ከመጋዘን የተረፈ ወፍራም የመዳብ ገመድ አውጥቼ ከጉድጓዱ አፍ ብረት እስከ ጄኔሬተሩ ድረስ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃውን በሙሉ፣ በሣር ላይ ዘረጋሁት። በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነበር። ያመለጠው ኃይል አሁን በገመዱ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ መጋጠሚያው ጨርሶ ቢከፈት ፊውዙ ይቃጠልና ፓምፑ ይቆማል። መለኪያው ዜሮ አሳየ። እጄን ገንዳው ውስጥ ከትቼ ረዥም ሰዓት ቆየሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነበር።

እሑድ አክስቴ እግሯን ነከረች፤ ጠበቀች፤ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አደረግህበት?»

«ምንም። ሽቦ ነው ያሰርኩት።»

«አሰረው!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ውሃውን በሽቦ አሰረው!»

ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። አክስቴ ቤት ስገባ የምበላውን ታቀርባለች፤ በትሯ ከበሩ ጀርባ ተመልሶ ቆሟል። አንድ ማታ እራት ላይ «ሕመሙ ራሱ አይደለም የከፋኝ» አለችኝ። «ተንበርክኬ መጸለይ ጀምሬ ነበር። ተቀምጦ መጸለይ ለሹማምንት ነው።» እሷ በሕይወት አለች፤ እኔም ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኛል። ሁለቱ ይበቁኛል ብዬ ነበር።

ሁለት እሑድ አለፈ። በሦስተኛው ዕለተ እሑድ፣ ብዙ ጊዜ ጸሎት ከምሄድበት ከይርጋጨፌ ከሰዓት በኋላ የምመለሰው ሰው፣ መኪና ስላገኘሁ በጠዋት ኢዲዶ ደረስኩ። ከሩቅ ድምፅ ሰማሁ። ገንዳውን ሰው ከብቦታል። አጥሩን ዘልዬ ገባሁ። አክስቴ በሁለቱም እግሯ ገንዳው ውስጥ ቆማለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እትዬ ጽጌማርያም እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነክረዋል።

የጉድጓዱን አፍ አየሁ። የመዳቡ ገመድ አልተቆረጠም፤ አልተሰረቀም። ብሎኑ ተፈትቶ፣ የገመዱ ጫፍ እንዳይቆሽሽ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በጥንቃቄ ጎን ላይ ተቀምጧል።

«ውጡ!» አልኩ። «እማ፣ ውጪ! አሁኑኑ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ሴት «እሽሽ፣ ጸሎት ላይ ነን» አለችኝ። አክስቴን ጎትቼ ላወጣት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት፤ እኔ መሬት ላይ ነኝ፣ እሷ ውሃ ውስጥ ናት፤ ብነካት በሁለታችን መሃል የሚያልፈውን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቁልቁል ሮጥኩ። ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ። ከጀርባዬ ጩኸት እሰማለሁ ብዬ እያንዳንዷን እርምጃ ጠበቅኋት። ጄኔሬተሩን አጠፋሁ፤ ሦስቱንም ፊውዞች ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። መፈልፈያው እየተንገራገጨ ቆመ። ሠራተኞቹ እጃቸው ላይ ያለውን እሸት እንደያዙ አፍጥጠው አዩኝ።

ሙሉካ ከኋላዬ እያለከለከ ደረሰ።

«ማን ነው የፈታው?»

ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ጋሽ ሙሉካ፣ ማን ነው?»

«እኔ ፈታሁ» አለ። «እሷ ነው ያዘዘኝ። አክስትህ። እሑድ እሑድ ጠዋት እፈታለሁ፤ አንተ ሳትመጣ መልሼ አስራለሁ። በደንብ ነው የማስረው፤ አንተ ራስህ አላወቅህም።»

ዜሮ ነው ብዬ በተኛሁባቸው ሁለት እሑዶች ማለት ነው።

ኪሴ ውስጥ ያሉትን ፊውዞች ጨብጬ ቆሜ ሳለሁ አክስቴ ቁልቁለቱን ስትወርድ አየኋት። ያለ በትር ነበር የምትወርደው። ቀሚሷ ረጥቧል።

«መልሰህ አስነሣው» አለችኝ።

«አላስነሣም። ይገድልሻል።»

«ስድስት ሳምንት ያልገደለኝ?»

«የበቅሎዋን ጊዜ አንቺ ቀድመሽ ወጥተሽ ነው። በደቂቃዎች ነው የተረፍሽው። ገመዱ ተበላሽቷል እማ፤ በየቀኑ እየባሰ ነው።»

«ማን አበላሸው?»

ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር። ሠራተኞቹ ይሰማሉ፤ ሙሉካ ይሰማል፤ ከላይ የሚወርዱት ሁሉ ደርሰዋል። ባኩ ተምሮ መጥቶ ውሃ ማውጣት አልቻለም ሲሉ ታየኝ።

«አርጅቶ ነው» አልኩ።

ገመዱ መስከረም ላይ ከሣጥኑ ሲወጣ እሷም ቆማ አይታለች፤ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነበር። «እሺ» አለች፤ ዞራ ሽቅብ ወጣች።

ሰኞ ከዐሥራ ሁለት ሰዎች ጋር ፓምፑን ጎትተን አወጣነው። ግራዝማች እየጮኹ መጡ፤ ፊውዞቹ ኪሴ ውስጥ መሆናቸውን ሲሰሙ ጮኸው ተመለሱ። መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ ተሰንጥቆ ዙሪያውን ከስሏል። አንዱ የመዳብ ክር ራቁቱን ወጥቶ ከቧንቧው ጋር የስንዴ ቅንጣት ያህል ብቻ ይራራቃል። ለሰዎቹ አሳየኋቸው። የተቃጠለ ጨርቅ እንደሚያይ ሰው አዩት። ሙሉካ «ይህቺ ናት?» አለና በጣቱ ነካ አድርጎ ተወው። እኔም ያን ሌሊት ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ፤ እሑድ ዕለት እንዲሁ ነበር? ወይስ ስንጎትተው ከዐለቱ ጋር ተፋጭቶ ነው የባሰው? አንድ ወር ይቆይ ነበር? አንድ ሰዓት? ያዳንኩት ሰው ካለ የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም።

ሦስት ቀን የቆየው እሸት ሸቶ ተጣለ፤ ሽታው ለሳምንት መንደሩን አልለቀቀም። መጋጠሚያውን አዲስ አድርጌ ሠራሁ፤ የመዳቡን ገመድ መሬት ውስጥ ቀበርኩና ብሎኑን በሲሚንቶ ደፈንኩት። ግራዝማች ሥራዬን እስክጨርስ ጠብቀው አሰናበቱኝ። ውሃው ግን ይወርድ ነበር፤ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ። ሰዎች እየመጡ ነከሩ፤ ተነሥተው ሄዱ። በገና ሰሞን ገንዳው አጠገብ ቡና የሚያጥቡት ብቻ ቀሩ።

ዕቃዬን ይዤ ዲላ ቤት ልከራይ ሄጄ ስመለስ የአክስቴ ቤት ተቆልፎ አገኘሁት። ቁልፉን ለሙሉካ ሰጥታለች። ፍስሐ ገነት ከተማ፣ እዚያ አግብታ የምትኖረው ልጇ ዘንድ ሄዳለች።

«መቼ ትመለሳለች?»

«አላለኝም» አለ ሙሉካ። «በትሯን ይዛ ነው የሄደች።»

ፈድሉ የሚባል የዲላ ሹፌር በሳምንት ሦስት ቀን ፍስሐ ገነት ድረስ ቡና ሊጭን ይሄዳል። አክስቴ ሚሲዮን ማንበብ ስለተማረች ደብዳቤ ጽፌ ሰጠሁት። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩ። አምስተኛው እንዲህ ይል ነበር፦

«እማ፣ ገመዱ አርጅቶ አይደለም። አዲስ ነበር። ከመጀመሪያው መሬቱን ያስያዝኩት ተሳስቼ ነው፤ ኢዲዶን እንደ ባኩ ቆጥሬው ነው። ውሃው መንዘር በጀመረ ቀን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቄዋለሁ። ውጪ ስልሽ እንኳን ይህን ደበቅሁሽ፤ ሰው ፊት አፍሬ ነው። ያን ቀን በሁሉም ፊት ስትጠይቂኝም ዋሸሁሽ። ውሃውን የነካሁት አንቺን ላለማጣት ነው። ቃል ላኪልኝ፤ ስድብም ቢሆን።»

ፈድሉ ዓርብ ተመለሰ።

«ሰጠሃት?»

«በእጇ።»

«አነበበችው?»

«መነጽሯን አድርጋ፣ ደጅ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቀስ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ አጥፋ ከመቀነቷ ውስጥ ከተተችው።»

«ምን አለችህ?»

«ኧረ እኔን ውሃ ጠጣ ነው ያለችኝ። ጠብቄ ነበር እኮ፤ መኪናውን አስነሥቼ ሁሉ ጠብቄያታለሁ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞም መናኸሪያው በር ላይ ቆምኩ፤ ሐሙስም። እስከ ሚያዝያ ድረስ በየጉዞው ጠየቅሁት። በኋላ ፈድሉ መኪናውን ሳያቆም፣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ በመስኮት እጁን አውጥቶ ባዶ መሆኑን ያሳየኝ ጀመር።